ከለገጣፎ እስከ ደርባ ገደል፦ የተሰባሪ ኮከብን ዘመዶች ፍለጋ የተጓዝኩበት የአራት ቀን ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 9

ለገጣፎ ከሚገኘው ቤቴ የወጣሁት ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሲሆን፣ የሌሊቱ ውርጭ በጎረቤቴ የጤፍ ክምር ላይ እንደ አመድ ነጥቶ ገና አልቀለጠም ነበር። ከስንቅና ከጋቢ በቀር የያዝኩት ብዙ ዕቃ የለም። በኮቴ የውስጥ ኪስ ግን አንድ የክብሪት ቀፎ አለ፤ በውስጡም በጥጥ ተጠቅልሎ ከሌባ ጣቴ ጥቂት የሚረዝም ደረቅ ክንድ ተቀምጧል። ክንዱ ተሰባሪ ኮከብ የምንለው የባሕር እንስሳ ክንድ ነው፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሳስበው የኖርኩትን ይህን መንገድ የጀመርኩትም በእርሱ ምክንያት ነው።

ክንዱ እጄ የገባው ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ጅቡቲ ይኖር የነበረውን የአክስቴን ልጅ ልጠይቅ በሄድኩበት ጊዜ ነው። ባሕሩ ከዳር ሸሽቶ የኮራሉ አለት በተራቆተበት ሰዓት፣ ከጉልበት በታች በሆነ ውኃ ውስጥ እየተራመድኩ አንድ የሞተ ኮራል ገለበጥኩ። ከሥሩ ቡናማ ቀለበት የዞረባቸው፣ እንደ እባብ ጅራት የሚጥመዘመዙ አምስት ክንዶች ታዩኝ። ያን ጊዜ ሥነ ሕይወት ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ እንስሳውን ግን በሥዕል እንጂ በአካል አይቼው አላውቅም። ሳላስብ እጄን ሰደድኩ። እርሱ ወደ ስንጥቁ ሲሸሽ አንድ ክንዱን መዳፌ ላይ ጥሎ ሄደ፤ የተጣለውም ክንድ ብቻውን ለብዙ ጊዜ ሲላወስ ቆየ። በልጅነታችን የተቆረጠ የእንሽላሊት ጅራት ሲዘል ያየን ሰዎች ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንብንም፤ ሆኖም ክንዱን ያስጣልኩት እኔ ነኝና እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ድንጋዩን እንደነበረ መልሼ ከወጣሁ በኋላ፣ ያን ክንድ ሳልጥል ይዤው ኖሬአለሁ።

መገናኛ ላይ የቀድሞ ተማሪዬ ከነመኪናው ጠበቀኝ። ዛሬ የሥነ ምድር ባለሙያ ነው፤ እኔን ግን አሁንም «መምህር» ብሎ ይጠራኛል። በጉለሌ በኩል የጎጃምን መንገድ ይዘን የእንጦጦን ዳገት ወጣን። ባሕር ዛፉ መካከል እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ቁልቁል ይወርዳሉ። ዳገቱ እንዳለቀ የሱሉልታ ሜዳ በአንድ ጊዜ ተዘረጋ። በክረምት ይህ ሜዳ ውኃ ተኝቶበት ሐይቅ ይመስላል፤ አሁን ግን ሣሩ ታጭዶ፣ እየታሰረ፣ በየአጥሩ ጥግ እየተከመረ ነበር። ከባሕር ወለል 2,600 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በሚገኝ ሜዳ ላይ ቆሞ ስለ ባሕር ወለል ማውራት ለብዙ ሰው እንግዳ ይመስል ይሆናል። ተማሪዬ ግን እግራችን ሥር ካለው ባዛልት ከሚባለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ዝቅ ብሎ፣ ከብዙ መቶ ሜትር በታች፣ ሌላ ባሕር እንዳለ ደጋግሞ ነግሮኛል፤ የምንሄደውም ያ ባሕር ተገልጦ ወደሚታይበት ገደል ነው።

ሌሊቱን ሱሉልታ እኅቴ ቤት አደርን። ከእራት በኋላ ልጆቹ ቀፎውን አስከፍተው ክንዱን በማጉያ መነጽር አዩት። ታናሺቱ «አከርካሪ አለው!» ብላ ጮኸች፤ አልተሳሳተችም። የተሰባሪ ኮከብ ክንድ ከውስጥ እንደ ጀርባ አጥንታችን አንዱ ባንዱ ላይ በተደረደሩ አንጓዎች የተሠራ ነው፤ በአንጓዎቹ መካከል ጡንቻ አለ፤ ከውጭ ደግሞ ቅርፊትና እሾኽ ይሸፍነዋል። ከተራው የባሕር ኮከብ ጋር ቢዛመድም አካሄዱ ፈጽሞ የተለየ ነው። የባሕር ኮከብ በመቶዎች በሚቆጠሩ የቱቦ እግሮቹ እየተሳበ ቀስ ብሎ ሲጓዝ፣ ተሰባሪ ኮከብ ግን ክንዶቹን ራሳቸውን እንደ መቅዘፊያ እየወረወረ ይሮጣል። መካከለኛው ገላው እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ ከክንዶቹ በግልጽ ይለያል። አፉ ከሥር ነው፤ ፊንጢጣ ስለሌለው የተረፈው ምግብ በገባበት በአፉ ይወጣል። ልጆቹ በዚህ ሲስቁ እኔ ሳይንሳዊ ስሙን ነገርኳቸው፦ ኦፊዩሮይዲያ ይባላል፤ ቃሉም እባብና ጅራት ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት የተገኘ ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 10

ከሱሉልታ ተነሥተን፣ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በጫንጮ ቁርስ በልተን፣ ወደ ግራ ታጥፈን የደርባን መንገድ ያዝን። ጎማ ፈንድቶብን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቆመናል። ሌላ የሚጻፍ ነገር አልነበረም፤ ስንዴ የሚያጭዱ ሰዎች፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ነጭ የለበሱ ምእመናን፣ ወደ አዲስ አበባ የሚከንፉ ሲኖትራኮች።

ገደሉ አፋፍ ላይ የደረስነው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ሜዳው ያለ ማስጠንቀቂያ ይቆረጣል፤ ከዚያ በታች ወደ ዓባይ የሚፈሰው የሙገር ወንዝ የፈለፈለው ሸለቆ ነው። ጭላዳዎች ከአፋፉ ሣር እየነቀሉ ይበላሉ። ተማሪዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በጣቱ እየጠቆመ የገደሉን ግድግዳ ከላይ ወደ ታች አነበበልኝ። ከላይ ያለው ጥቁሩ ባዛልት ነው፤ የደጋው አብዛኛው ባዛልት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ሆድ ፈስሶ የረጋ ነው። ከባዛልቱ ሥር በደብረ ሊባኖስ ስም የሚጠራው የአሸዋ ድንጋይ አለ። ከእርሱ ሥር ሙገር የሚል ስም የተሰጠው ቀያይ የጭቃ ድንጋይ ይገኛል፤ ከዚህ ድንጋይ ተመራማሪዎች የዳይኖሰር ጥርስ አውጥተውበታል። ከዚያም በታች ገረጣ ያለው፣ በንብርብር የተደረደረው የኖራ ድንጋይ ነው።

«እዚያ ነው ባሕሩ፣ መምህር» አለኝ።

ይህ የኖራ ድንጋይ አንታሎ ይባላል። ስሙን ያወጣለት በ1868 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ መቅደላ የተጓዘው የሥነ ምድር ባለሙያ ዊልያም ብላንፎርድ ሲሆን፣ አንታሎም በትግራይ የምትገኝ ከተማ ናት። ድንጋዩ የተከማቸው ከዛሬ 150 እስከ 160 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት፣ ጎንድዋና የተባለው ታላቅ አህጉር መሰነጣጠቅ ጀምሮ ውኃው ከምሥራቅና ከደቡብ ምሥራቅ በኩል ዛሬ ኢትዮጵያ በሆነችው ምድር ላይ በገባ ጊዜ ነው። ጥልቅ ውቅያኖስ አልነበረም፤ ሞቃትና ብርሃን የሚዘልቀው ጥልቀት የሌለው ባሕር ነበር። ተሰባሪ ኮከብ ያን ጊዜ በዓለም ባሕሮች ሁሉ የቆየ ነዋሪ ነበር፤ ዘሩ ከ470 ሚሊዮን ዓመት በላይ የዘለቀ ነውና ከዳይኖሰሮች በብዙ ይቀድማል።

ደርባ በአንዲት ትንሽ ማደሪያ አደርን። ሌሊቱን ሙሉ የጭነት መኪና ድምፅ አላቋረጠም።

ሰኞ፣ ኅዳር 11

ከሁሉ የረዘመውና ከሁሉ የበለጠ ደስ ያለኝ ቀን ይህ ነው። ጎሕ ሲቀድ በከብት መንገድ መውረድ ጀመርን። ጉልበቴ እንደ ወጣትነቴ አይደለምና ተማሪዬ በየመታጠፊያው እየቆመ ይጠብቀኝ ነበር። ብርዱ ከላይ ቀረ፤ እየወረድን ስንሄድ አየሩ ሞቀ፣ የግራሩ ዓይነትም ተለወጠ። ረፋዱ ላይ የመጀመሪያውን ገረጣ ድንጋይ በመዳፌ ነካሁ።

መጀመሪያ ያየነው ዛጎል ነው። አንድ ጥንድ ክዳን ያለው የባሕር ዛጎል በድንጋዩ ገጽ ላይ ጎልቶ ወጥቶ፣ የክዳኑ መስመሮች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ከቦታው አልነቀልነውም፤ ቅሪተ አካል የአገር ቅርስ ነውና በፈቃድ ለሚያጠና ሰው የሚተው ነው። እኔ የፈለግሁት ግን ሌላ ነገር ነበር። ተማሪዬ መንገድ ጠራጊ መኪና ከገፋው የድንጋይ ክምር አንድ ቁራጭ አንሥቶ በመዶሻ ሰበረና ለፀሐይ እያገላበጠ አሳየኝ። ደብዛዛ በሆነው ስባሪ ላይ እንደ መስተዋት ጠፍጣፋ ሆና ብልጭ የምትል፣ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ነጥብ ነበረች። ወደ ጎን ሲያዘነብላት ጠፋች፤ ሲመልሳት እንደገና በራች።

ይህች ብልጭታ ለእኔ ትልቅ ነገር ናት። የባሕር ኮከብ፣ የባሕር ጃርት፣ ተሰባሪ ኮከብና ሌሎች ዘመዶቻቸው አጥንታቸውን የሚሠሩት የኖራ ድንጋይ ዋና ማዕድን ከሆነው ከካልሳይት ነው። ዛጎል ብዙ ጥቃቅን ክሪስታሎችን ደራርቦ ክዳኑን ሲሠራ፣ እነዚህ እንስሳት ግን እያንዳንዱን አንጓ እንደ አንድ ክሪስታል አድርገው ያሳድጉታል፤ አንጓው በሕይወት ሳለ እንደ ሰፍነግ ቀዳዳው የበዛ ሲሆን፣ ከሞት በኋላ ቀዳዳዎቹ በዚያው በካልሳይት ይሞላሉ። ስለዚህ ድንጋዩ ሲሰበር አንጓው በአንድ ጠፍጣፋ ገጽ ይሰነጠቅና ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ ይመልሳል። የጂኦሎጂ ሰዎች የዚህን ወገን ስባሪ ያለ ማይክሮስኮፕ የሚለዩት በዚህ ነው። ቀፎዬን ከፍቼ ከክንዱ ጫፍ የረገፈችውን አንዲት አንጓ ከስባሪው አጠገብ አስቀመጥኩና ሁለቱን በአንድ ማጉያ አየኋቸው። በመካከላቸው ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ አለ፤ የተሠሩበት ነገር ግን አንድ ነው። ለብዙ ደቂቃ ሳልነጋገር ቆየሁ።

ሙሉ ተሰባሪ ኮከብ በድንጋይ ላይ ማግኘት ለምን ብርቅ እንደሆነ እዚያው ተወያየን። እንስሳው ሲሞት አንጓዎቹን የሚያያይዘው ሥጋ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበሰብሳል፤ ከዚያ በኋላ ትንሽ ሞገድ እንኳ በሺህ የሚቆጠሩትን አንጓዎች እንደ ተበተነ ጤፍ ያሰራጫቸዋል። አምስቱ ክንዶች ተያይዘው የሚቀሩት ጭቃ ወይም አሸዋ በሕይወት ሳሉ ወይም ወዲያው እንደሞቱ በድንገት የቀበራቸው እንደሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ ፈላጊ የሆነ ሰው የሚሻለው ለስላሳውን የኖራ ጭቃ አጥቦ በደቃቅ ወንፊት መንፋትና የቀረውን በማጉያ መልቀም ነው።

እኩለ ቀን ላይ ፍየሎች የሚጠብቁ አንድ አዛውንት አጠገባችን መጥተው ተቀመጡ። ተማሪዬ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥቷቸው ሲጫወቱ ቆዩና፣ እኔን ሲያዩ ወደ አማርኛ መለሱት።

«አባባ፣ ይህ ዛጎል ከወዴት የመጣ ይመስልዎታል?» አልኳቸው።

«አባቶቻችን የጥፋት ውኃ ያመጣው ነው ይሉ ነበር። እኔ የማውቀው ከብቱ ይህን ድንጋይ መላስ እንደሚወድ ነው።»

ከዚያም የክብሪት ቀፎውን አይተው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ክንዱን አሳየኋቸው። ጅቡቲ ስለተጣለብኝ ነገር ስነግራቸው ለእንስሳው አዝነው «ታዲያ አንካሳ ሆኖ ቀረ?» አሉ። አለመቅረቱን ማስረዳት ደስ የሚል ሥራ ነበር። ተሰባሪ ኮከብ ክንዱን የሚጥለው ተጎትቶበት ብቻ አይደለም፤ በአንጓዎቹ መካከል ያለው ማያያዣ ከነርቭ በሚመጣ ትእዛዝ በቅጽበት ከጠንካራ ወደ ልፍስፍስ መለወጥ ይችላል። ዓሣ ወይም ሸርጣን ክንዱን ሲይዘው ያንን ትቶ ያመልጣል፤ የጠፋውም በሳምንታትና በወራት ውስጥ እንደገና ያድጋል። ክንዱ ሲጣል የሚያበራ ዓይነትም አለ። ብዙውን ጊዜ ስድስት ክንድ ያለውና ሰፍነግ ውስጥ የሚኖር ኦፊያክቲስ ሳቪኒይ የተባለ ትንሽ ዓይነት ደግሞ ራሱን ለሁለት ከፍሎ፣ እያንዳንዱ ግማሽ የጎደለውን ሦስት ክንድ ያበቅላል፤ እንዲህ አድርጎም ይባዛል። አዛውንቱ ይህን ሲሰሙ «እግዚአብሔር ለትንሹም መላ አለው» ብለው ፍየሎቻቸውን ተከትለው ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ለስላሳ፣ ጭቃማ ንብርብር አጠገብ ተቀምጠን ያ የጥንት ባሕር ወለል ምን ይመስል እንደነበር ስንገምት፣ የዛሬዎቹን ተሰባሪ ኮከቦች መኖሪያ አንድ በአንድ አነሣን። እንስሳው ከ2,000 በላይ ዓይነቶች አሉት፤ ከባሕር ዳር ስንጥቅ ጀምሮ ከ6,000 ሜትር በላይ እስከሚጠልቀው የጨለማ ወለል ድረስ ይገኛል። በሰሜን አውሮፓ ባሕር ጭቃ ውስጥ የሚኖረው አምፊዩራ ገላውን ቀብሮ የክንዶቹን ጫፍ ብቻ ወደ ላይ ያወጣል፤ ምግቡን ሲያጠምድም ጭቃውን አየር ያስገባዋል፣ እንደ እርሻችን ትል። በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለው ባሕር ደግሞ ሌላው ዓይነት በአንድ ካሬ ሜትር ከ1,000 በላይ ሆኖ ተጠላልፎ ይኖራል፤ ብቻውን የሆነን እንስሳ ጅረቱ ይወስደዋል፣ የተያያዙትን ግን አያንቀሳቅስም። በቀይ ባሕር ኮራል ላይ ክንዶቻቸው እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያወጡ ዘመዶቹ ቀን ተጠቅልለው ተኝተው፣ ሲመሽ እንደ መረብ ተዘርግተው በውኃው የሚያልፉትን ጥቃቅን ሕይወት ያጠምዳሉ። እኔ ጅቡቲ ላየሁት መሳይ የሆነው ኦፊዮኮማ ስኮሎፔንድሪና ገላውን ስንጥቅ ውስጥ አጽንቶ፣ ባሕሩ ሲመለስ ክንዶቹን ወደ ላይ ዘርግቶ በውኃው ገጽ ላይ የተንሳፈፈውን ስስ የምግብ ንጣፍ ይጠርጋል። ይህን የሚያደርገው ውኃው በሚመለስባት አጭር ሰዓት ብቻ ነውና የገበሬ መኸር ያህል ይቻኮላል።

ዓይን ሳይኖረው እንዴት እንደሚያይም ተነሣ፤ በዚህ ነገር ላይ ተማሪዬ ከእኔ የተሻለ ያውቅ ነበር። በካሪቢያን ባሕር የሚኖረው ኦፊዮኮማ ዌንድቲይ በክንዱ ቅርፊት ላይ ያሉት የካልሳይት ጉብታዎች እንደ ሌንስ ያገለግላሉ የሚል ሐሳብ በ2001 እ.ኤ.አ. ቀርቦ ብዙ ሰው ተቀብሎት ነበር፤ እኔም ለተማሪዎቼ እንዲሁ አስተምሬአለሁ። በ2018 የወጣው ጥናት ግን ብርሃን ተቀባዮቹ ከጉብታዎቹ ሥር ሳይሆን በመካከላቸው በገላው ሁሉ በሺህ ተሠራጭተው እንደሚገኙ አሳየ። በ2020 ደግሞ ቀን ላይ የሚጨልመው የቆዳው ቀለም ለእያንዳንዱ ተቀባይ ብርሃኑን ከአንድ ወገን ብቻ እንዲያስገባ ጥላ እንደሚሆንለት፣ እንስሳውም በዚህ መላ የጨለመ መሸሸጊያን ለይቶ ወደዚያ እንደሚሄድ ታወቀ። ያስተማርኩት መስተካከሉን በዚያ ገደል ውስጥ፣ ያውም ካስተማርኩት ልጅ አፍ መስማቴ አስደስቶኛል።

ዳገቱን ስንወጣ መሸብን። አፋፉ ላይ ስንደርስ ጭላዳዎቹ ወደ ገደሉ ግድግዳ ወርደው ተኝተው ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12

ቀኑ ሚካኤል ነው። ወደ ከተማ ስንመለስ ከፊታችንም ከኋላችንም የጫኑ መኪኖች ነበሩ፤ ጭነታቸውም ከዚያ የኖራ ድንጋይ የተሠራ ሲሚንቶ ነው። መንገዱን ሁሉ ያሰብኩትን እዚህ ላይ ልጻፈው።

ሲሚንቶ ለመሥራት የኖራ ድንጋይ ከሸክላ አፈር ጋር ተፈጭቶ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል በሚደርስ ምድጃ ውስጥ ይጋገራል። ድንጋዩ ሲግል ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይለቃል፤ ከ100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ 44 ኪሎ ጋዝ ይወጣል፤ የነዳጁ ጭስ ሳይቆጠር ማለት ነው። ያ ጋዝ የጥንት ዛጎሎችና የባሕር ጃርቶች ከውኃው ወስደው በአጥንታቸው የቆለፉት ነው። የሰው ልጅ ወደ አየር ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሩብ ያህሉን ደግሞ ውቅያኖስ ይውጠዋል፤ በውጤቱም ውኃው ወደ አሲድነት ያደላል። በ2008 እ.ኤ.አ. በሁለት ዓይነት ተሰባሪ ኮከቦች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ይህ ምን እንደሚያስከትል አሳይተዋል። አምፊዩራ በአሲዳማ ውኃ ውስጥ አጥንቱን ከወትሮው በበለጠ ትጋት ይሠራል፤ ነገር ግን የሚከፍለው ከክንዱ ጡንቻ ነው፣ ጡንቻው ይመነምናል። የሌላው ዓይነት እጮች ደግሞ የውኃው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) በ0.2 ብቻ ዝቅ ሲል በስምንት ቀን ውስጥ ሁሉም ሞቱ፤ በተለመደው ውኃ የነበሩት ግን በዚያው ጊዜ 70 ከመቶው ተረፉ።

እኔ ራሴ የምኖረው በሲሚንቶ ቤት ነው፤ ልጆቼን ያሳደግሁበትን ቤት አልነቅፍም። ሆኖም የዛሬው ባሕር ከእኛ በጣም የራቀ ነው የሚለውን ንግግር ከእንግዲህ ሳልመልስ አላልፈውም።

ለገጣፎ የደረስኩት ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ኅዳር ስለሚታጠን በየደጁ ቆሻሻ እየተቃጠለ ሰፈሩ በጭስ ታፍኖ ነበር፤ በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ የጨረሰው የኅዳር በሽታ እስከ ዛሬ በዚህ ጭስ ይታሰባል። ጎረቤቴ ቤት እያስጨመረ ነውና ግንበኛው በዓል ሳይል አሸዋና ሲሚንቶ ያቦካል። ሰላም ብዬው ሳልፍ «ጋሼ፣ ከየት ነው እንዲህ አቧራ የለበሱት?» አለኝ። ሲሚንቶው ከተወሰደበት ገደል መምጣቴን ነገርኩትና ቀፎውን ከፍቼ ክንዱን ዘረጋሁለት። እጁን ሊሰድ ብሎ ተወው።

«እጄ ኖራ ነው፣ ያቃጥለዋል» አለ፤ አካፋውን አስደግፎ፣ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ በመዳፌ ላይ ያሉትን አንጓዎች አንድ በአንድ ያያቸው ጀመር።